በአንቲባዮግራም ላይ «ሆስፒታል ውስጥ የተያዘ» እና «ከማኅበረሰቡ የመጣ» ሲደበላለቅ፦ የምንሳሳተው የት ላይ ነው?

ጠያቂ፦ ላብ_ሪፈራል

ጤና ይስጥልኝ ባለሙያዎች። የምንሠራው በአንድ ሪፈራል ሆስፒታል ማይክሮባዮሎጂ ክፍል ነው። የአንድ ዓመት የካልቸር (ባክቴሪያን ከናሙና የማሳደግ ምርመራ) መዝገባችንን ከወረቀት ወደ ኤክሴል፣ ከኤክሴል ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት በነፃ ወደሚሰጠው «ሁኔት» ሶፍትዌር አዛውረን የመጀመሪያውን አንቲባዮግራም (የትኛው ባክቴሪያ ለየትኛው መድኃኒት ስንት በመቶ እንደሚበገር የሚያሳይ ሰንጠረዥ) ልናወጣ ነው። ሴንሲቲቪቲ (ባክቴሪያው ለመድኃኒቱ መበገር አለመበገሩን) የምንሠራው በዲስክ፣ ማለትም መድኃኒት ባለበት ትንሽ ክብ ወረቀት ነው። አውቶማቲክ ማሽን ስለሌለን የደም ካልቸሩም በእጅ ነው።

ሦስት ነገር ግራ አጋብቶናል።

አንደኛ፣ ከተኝቶ ታካሚዎች የተገኘው ባክቴሪያ ከሞላ ጎደል በሙሉ «ሆስፒታል ውስጥ የተያዘ» ተብሎ ይወጣል። ድንገተኛ ክፍል ገብተው በዚያው ቀን ደም የተወሰደላቸው ሳይቀሩ እዚያው ይመደባሉ።

ሁለተኛ፣ የክሌብሴላ ባክቴሪያ ለሜሮፔነም (ጠንካራ አንቲባዮቲክ) ያለው ውጤት ከሩብ ዓመት ሩብ ዓመት ይዘላል። በአንዱ አብዛኛው ሬዚስታንት (መድኃኒቱን የሚቋቋም) ነው ይላል፤ በሚቀጥለው ጥቂቱ ብቻ ይሆናል። ዋርዶቹም የሚታዘዘው መድኃኒትም አልተቀየሩም።

ሦስተኛ፣ «የማኅበረሰቡንስ ሁኔታ ለምን አታሳዩንም?» እየተባልን ነው። በእጃችን ያለው የተመላላሽ ታካሚዎች የሽንት ካልቸር ብቻ ነው። እሱን «የማኅበረሰብ» ብለን ብናወጣው ያስኬዳል?

የምታውቁትን ብታካፍሉን እናመሰግናለን።


መልስ 1፦ ዳታ_ክፍል

የመጀመሪያው ጥያቄ መልሱ ከባክቴሪያው ዘንድ አይገኝም፤ ያለው ከቀን አጻጻፉ ላይ ነው። መዝገቡን ከፍታችሁ የመኝታ ቀን ያለበትን አምድ ከናሙና ቀን ጋር ጎን ለጎን አስቀምጡ። ካርድ ክፍል የመኝታውን ቀን በእኛ አቆጣጠር ይጽፋል፤ ላብራቶሪው ደግሞ ብዙ ጊዜ የናሙናውን ቀን በፈረንጅ ያስገባል። ጥር 3 ቀን 2017 ተኝቶ በዚያው ቀን ደም የተወሰደለት ሰው የመኝታ ቀኑ 3/5/2017፣ የናሙና ቀኑ 11/1/2025 ይሆናል። ኮምፒውተሩ ሁለቱንም እንደ ፈረንጅ ቀን ስለሚያነባቸው ሰውየው ከ7 ዓመት በላይ አልጋ ላይ የቆየ ይመስለዋል። «ሆስፒታል ውስጥ የተያዘ» ማለቱ ታዲያ ምን ይገርማል?

የዓለም ጤና ድርጅት ግላስ የሚባለው የክትትል ሥርዓት መለያው እንዲህ ነው። ናሙናው የተወሰደው ታካሚው ከተኛ ሁለት የካሌንደር ቀን ካለፈ በኋላ ከሆነ የሆስፒታል ነው። ተመላላሽ ከሆነ ወይም ሁለቱ ቀን ሳይሞላ ከተወሰደለት የማኅበረሰብ ነው። እዚህ ላይ የምትዘነጋ አንዲት ነገር አለች፦ ሰውየው ከሌላ ሆስፒታል ተኝቶ ቆይቶ በሪፈር የመጣ ከሆነ፣ እናንተ ጋ በገባበት ቀን ናሙና ቢወሰድለትም የሚቆጠረው ከሆስፒታል ነው። ሪፈራል ሆስፒታል እንደመሆናችሁ ይህ ቡድን ትንሽ አይሆንም። ስለዚህ በናሙና መጠየቂያ ወረቀቱ ላይ «ከሌላ ተቋም ተልኮ ነው? እዚያ ስንት ቀን ተኛ?» የሚል አንድ መስመር ጨምሩ። ወረቀቱ ላይ ያልተጠየቀን ነገር በኋላ ከካርድ ለቅሞ ማውጣት አይቻልም።

ቀኑን ስታስተካክሉ ዋናውን አምድ አትንኩት። የመጀመሪያውን እንደ ጽሑፍ አስቀምጣችሁ የተቀየረውን በአዲስ አምድ ጻፉ። ከዚያ እነዚህን ፈልጉ፦

ጳጉሜን። ወርን አስቀድሞ በሚያነብ ኮምፒውተር ላይ 5/13/2016 (ጳጉሜን 5) ያለ ምንም ምልክት ወደ ሜይ 13 ይዞራል። ቀንን አስቀድሞ በሚያነበው ላይ ደግሞ 13ኛ ወር ስለሌለ ጽሑፍ ሆኖ ይቀራል። ጥቅምት 30ም (በአብዛኞቹ ዓመታት 29ም) እንዲሁ፤ 30/2 የሚባል ቀን በፈረንጅ የለም። ኤክሴል ላይ ሴሉ ውስጥ ወደ ግራ ተጠግቶ የቆመ ቀን ካያችሁ እንደ ቀን አልተነበበም ማለት ነው።

መስከረም 1 ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 11 አይደለም። 2016 ዓ.ም. የገባው ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ነው። የመኝታውም የናሙናውም ቀን በአንድ ቀመር ከተቀየረ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ስለማይዛባ ብዙ አያስጨንቅም። አንዱ በእጅ፣ ሌላው በቀመር ሲቀየር ግን የአንድ ቀን ስህተት ይገባል፤ በሁለት ቀን ድንበር ለሚለይ ነገር አንድ ቀን ብዙ ነው።

ሌሊት። ከሌሊቱ 8 ሰዓት የተወሰደን ናሙና አንዱ ነርስ በመሸው ቀን፣ ሌላው በሚነጋው ቀን ይጽፈዋል። ከዋርዶቹ ጋር አንድ ልማድ ላይ ተስማሙ፤ ለቀመሩ የሚመቸው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለውን በሚነጋው ቀን መጻፍ ነው።

የመኝታ ቀኑ ባዶ ከሆነ «ያልታወቀ» በሉት። በግምት መሙላት አይገባም። በሪፖርቱ ላይ ያልታወቀው ስንት እንደሆነ አብሮ ይውጣ።

አሁን ስለ ድግግሞሽ። ለአንቲባዮግራም የሚቆጠረው የእያንዳንዱ ታካሚ የመጀመሪያው ባክቴሪያ ብቻ ነው፤ በሪፖርቱ ዘመን ውስጥ ለአንድ የባክቴሪያ ዓይነት አንድ ጊዜ። ይህን ካላደረጋችሁ አይሲዩ ውስጥ ሁለት ወር ተኝቶ ስምንት ጊዜ ካልቸር የተላከለት አንድ ሰው ዓመቱን በሙሉ ያበላሸዋል። የግላስ አቆጣጠር ግን ትንሽ ይለያል፦ በአንድ ታካሚ፣ በአንድ የናሙና ዓይነት፣ በአንድ ባክቴሪያ አንድ ጊዜ ነው። ደሙም ሽንቱም ኢኮላይ ካሳየ ለግላስ ሁለት፣ ለአንቲባዮግራሙ አንድ ይሆናል። ስለዚህ ሁለቱ ሪፖርቶች ባይገጥሙ አትደንግጡ።

ሶፍትዌሩ ሰውን የሚለየው በካርድ ቁጥር ነው፤ በስም አትመኑ። ፀሐይ፣ ጸሐይ፣ ፀሀይ ለእኛ አንድ ሰው ናት፤ ለኮምፒውተሩ ሦስት ናቸው። ኃይሉና ሀይሉም እንዲሁ። በድንገተኛ ክፍል በጊዜያዊ ካርድ ገብቶ በኋላ ቋሚ ካርድ የወጣለትም ሁለት ሰው ሆኖ ይመጣል። የሁሉም የከፋው የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ነው፤ ሕፃኑ በእናቱ ካርድ ይመዘገባል፣ መንታ ከሆኑ ሁለቱም በአንድ ቁጥር ይገባሉ፣ እናቲቱም ናሙና ከሰጠች ሦስቱ አንድ ሰው ይሆናሉ። በእናትየው ቁጥር ላይ -1፣ -2 መጨመር ቀላሉ መፍትሔ ነው። ዛሬ ጀምሩት።


መልስ 2፦ ቤንች_27853

ወደ ሜሮፔነሙ ልምጣ። ቁጥሩ ሲዘል መጀመሪያ ሁለት ጥያቄ ጠይቁ፦ ዲስኩ ለሁሉም ክሌብሴላ ነበር የተቀመጠው? በዚያ ሩብ ዓመት የዲስክ ሎት (የምርት ዙር) ተቀይሮ ነበር?

የመጀመሪያውን የምጠይቀው ዲስክ ሲያጥር ምን እንደሚደረግ ስለሚታወቅ ነው። ሜሮፔነም የሚቀመጠው ሴፍትሪያክሶን የተባለው አንቲባዮቲክ ለከሸፈባቸው ብቻ ይሆናል። ያን ጊዜ ማካፈያው የሁሉም ክሌብሴላ ሳይሆን የአስቸጋሪዎቹ ብቻ ነው፤ የሬዚስታንት በመቶኛውም ሽቅብ ይወጣል። ዲስክ በገባበት ሩብ ዓመት ለሁሉም ሲቀመጥ ደግሞ ይወርዳል። ባክቴሪያው ውስጥ ምንም አልተለወጠም። በሁኔት ውስጥ የተመረመረውን ብዛት ለሴፍትሪያክሶንና ለሜሮፔነም አወዳድሩ። ለሴፍትሪያክሶን 80 ተመርምሮ ለሜሮፔነም 35 ከሆነ የሜሮፔነሙን ቁጥር በአንቲባዮግራሙ ላይ አታውጡት።

ዲስኩን በተመለከተ፣ ካርባፔነሞች (የሜሮፔነም ቤተሰብ መድኃኒቶች) እርጥበትና ሙቀት አይችሉም። የተከማቸው ዲስክ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች፣ የሳምንቱ የሥራ ዲስክ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ፍሪጅ፣ ማድረቂያ ያለበት ዕቃ ውስጥ ይቀመጣል። ሲወጣ ዕቃው ሳይከፈት ከ1 እስከ 2 ሰዓት ክፍሉ ውስጥ ይቆይ። በቅዝቃዜው ከከፈታችሁት ጤዛ ይይዛል፤ ከዚያ ወዲያ ዲስኩ አቅሙን እያጣ ይሄዳል፤ ዞኑ (በዲስኩ ዙሪያ ባክቴሪያ የማያድግበት ክብ) ይጠብባል፤ ሴንሲቲቭ የነበረው ሬዚስታንት ይሆናል። መብራት እየጠፋ ፍሪዘሩ የቀለጠባቸው ቀኖች ካሉ ከዘለለው ሩብ ዓመት ጋር አስተያዩአቸው።

የሚውለር-ሂንተን አጋሩ (ባክቴሪያው ሰሃን ላይ የሚያድግበት ምግብ) ውፍረት 4 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት፦ ለ100 ሚሊ ሜትር ሰሃን ከ25 እስከ 30 ሚሊ ሊትር፣ ለ150ው ከ60 እስከ 70። አጋር ለመቆጠብ 15 ሚሊ ሊትር የሚፈስ ከሆነ ሰሃኑ ስለሚሳሳ ዞኑ ይሰፋል፤ ሬዚስታንቱ ሴንሲቲቭ ይመስላል። ይኼኛው ስህተት የበለጠ ያስፈራኛል፤ የማይሠራ መድኃኒት ለበሽተኛው ይታዘዝለታልና። አንድ ሰሃን ከየባቹ ቆርጣችሁ በማስመሪያ ለኩት።

የባክቴሪያው ድፍርስ 0.5 ማክፋርላንድ (የድፍርስነት መለኪያ) ይሁን፤ በዓይን ግምት አይሁን፣ ቢያንስ ከመለኪያው ቱቦ ጋር በጥቁር መስመር ካርድ ፊት አስተያዩት። ከተዘጋጀ በ15 ደቂቃ ውስጥ ሰሃኑ ላይ ይቀባ፤ ዲስኩ ከተቀመጠ በ15 ደቂቃ ውስጥ ኢንኩቤተር ይግባ፤ 35 ዲግሪ፣ ከ16 እስከ 18 ሰዓት። በ100 ሚሊ ሜትር ሰሃን ከ5 ዲስክ አይበልጥ። ወፍራም ድፍርስ ዞኑን ያጠብባል፤ ቀጭኑ ያሰፋዋል።

ከፍታ ላይ ላላችሁ አንድ ነገር፦ አዲስ አበባን በመሰለ ቦታ የአውቶክሌቩ ጌጅ 15 ፒኤስአይ ቢያሳይም ውስጡ 121 ዲግሪ አይደርስም፤ የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ነውና። በሙቀት መለኪያው እንጂ በግፊቱ አትሂዱ። ሰሃኖቻችሁ ምንም ሳይቀባባቸው የሚበቅልባቸው ከሆነ አንዱ ምክንያት ይኼ ሊሆን ይችላል።

ይህን ሁሉ የሚያጋልጠው ግን የጥራት ቁጥጥሩ ነው። ኢኮላይ ኤቲሲሲ 25922 (ውጤቱ አስቀድሞ የታወቀ የመፈተሻ ባክቴሪያ) ለሴፍትሪያክሶን ከ29 እስከ 35፣ ለጄንታማይሲን ከ19 እስከ 26 ሚሊ ሜትር መስጠት አለበት። በየቀኑ ጀምራችሁ 30 ተከታታይ የሥራ ቀን ሠርታችሁ ለእያንዳንዱ መድኃኒት ውጤቱ ከ3 ጊዜ በላይ ከክልሉ ካልወጣ ወደ ሳምንታዊ መውረድ ትችላላችሁ። አዲስ ሎት ዲስክ ወይም አዲስ ባች አጋር ሲመጣ ግን ሳምንቱ ሳይጠበቅ ነው የሚፈተነው። ውጤቱን በመስመር ግራፍ ሳሉት፤ ከክልሉ ሳይወጣ ቀስ እያለ የሚወርድ መስመር ዲስኩ እየሞተ መሆኑን አስቀድሞ ይነግራችኋል። የሲኤልኤስአይን (የአሜሪካው የላብራቶሪ ደረጃ አውጪ ድርጅት) ሰንጠረዥ የምትጠቀሙ ከሆነ በየዓመቱ ስለሚታደስ የየትኛው ዓመት እንደሆነ ሪፖርቱ ላይ ጻፉ። ሁኔት ውስጥ «ኤስ» ወይም «አር» ብቻ ሳይሆን ሚሊ ሜትሩን አስገቡ፤ ብሬክፖይንት (ሴንሲቲቭና ሬዚስታንት የሚለዩበት ድንበር) ሲቀየር የድሮውን ውጤት እንደገና ማንበብ የምትችሉት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ለሜሮፔነም የኢንቴሮባክቴሪያ ቡድን (ክሌብሴላና ኢኮላይ ያሉበት) 23 ሚሊ ሜትር እና ከዚያ በላይ ሴንሲቲቭ፣ ከ20 እስከ 22 መካከለኛ፣ 19 እና ከዚያ በታች ሬዚስታንት ነው። ሬዚስታንት የወጣውን በኤምሲም (መድኃኒቱን የሚያፈርስ ኤንዛይም መኖሩን የሚያሳይ ምርመራ) አረጋግጡት፤ ርካሽ ነው፣ ማሽን አይፈልግም። ሁለት ሚሊ ሊትር ትሪፕቲክ ሶይ ብሮዝ ውስጥ 1 ማይክሮ ሊትር ሉፕ ባክቴሪያ ታደርጋላችሁ፣ 10 ማይክሮግራም የሜሮፔነም ዲስክ ትከቱበታላችሁ፣ 35 ዲግሪ ላይ 4 ሰዓት ይቆያል። ከዚያ ዲስኩን አውጥታችሁ 25922 የተቀባበት ሰሃን ላይ ታስቀምጡታላችሁ። በማግሥቱ ዞኑ ከ6 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ከሆነ ባክቴሪያው መድኃኒቱን የሚያፈርስ ኤንዛይም አለው። 19 እና ከዚያ በላይ ከሆነ የለውም። ከ16 እስከ 18 ሆኖ ዞኑ ውስጥ ነጠብጣብ ቅኝ (ኮሎኒ) ካለ እንደ ፖዘቲቭ ይቆጠራል፤ ከሌለ አይወሰንም፣ ይደገም።

ሁለት ነገር ደግሞ በዲስክ አትሞክሩ፦ ኮሊስቲንን በማንኛውም ግራም ኔጌቲቭ፣ ቫንኮማይሲንን በስታፍ ኦሪየስ ላይ። ዞኑ አያስተማምንም። ኤምአርኤስኤን (ሜቲሲሊንን የሚቋቋም ስታፍ ኦሪየስን) ግን በሴፎክሲቲን 30 ማይክሮግራም ዲስክ በደንብ ታገኙታላችሁ፤ 21 እና ከዚያ በታች ኤምአርኤስኤ ነው። ክሌብሴላ ለአምፒሲሊን ሴንሲቲቭ ተብሎ ከተመዘገበ ደግሞ ወይ መለያው ወይ ዲስኩ ተሳስቷል፤ ክሌብሴላ አምፒሲሊንን በተፈጥሮው አይሰማም።


መልስ 3፦ ዶ/ር_ዋርድ

ሁለቱ የጻፉት በሙሉ ናሙናው ላብራቶሪ ከደረሰ በኋላ ያለውን ነው። የማኅበረሰቡ ጥያቄ ግን የሚበላሸው ከዚያ በፊት፣ ማን ካልቸር እንደሚላክለት ሲወሰን ነው።

የተመላላሽ ሽንታችሁን «የማኅበረሰብ» አትበሉት። ሪፈራል ሆስፒታል ድረስ የመጣችው ሴት ከሠፈሯ ፋርማሲ አንድ ዙር፣ ከጤና ጣቢያው ሁለተኛ ዙር ወስዳ አልሻል ብሏት የመጣች ናት። በመጀመሪያው ሲፕሮፍሎክሳሲን የዳኑት እናንተ ዘንድ አይደርሱም። ስለዚህ ቁጥራችሁ ስለ ማኅበረሰቡ ሳይሆን ሕክምናው ስለከሸፈባቸው ሰዎች ነው የሚናገረው። በዚያ ቁጥር ተመርኩዞ ጤና ጣቢያ ላይ የመጀመሪያ ምርጫ መድኃኒት መቀየር ደግሞ ሳያስፈልግ ወደ ጠንካራው መድኃኒት መሸጋገር ነው።

እውነተኛውን ለማግኘት ሁለት ወይም ሦስት ጤና ጣቢያ ምረጡ። ሽንት ሲሸኑ የሚያቃጥላቸውን፣ ያልተወሳሰበ ምልክት ያላቸውን ሴቶች በመጡበት ተራ፣ ሳትመርጡ፣ መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት ናሙና ውሰዱ። ሐኪሙ «ይቺ ከባድ ትመስላለች» ብሎ የሚልካቸውን ብቻ ከወሰዳችሁ ወደ መጀመሪያው ስህተት ተመለሳችሁ ማለት ነው። ሦስት ጥያቄ ይመዝገብ፦ ባለፉት ሁለት ሳምንታት አንቲባዮቲክ ወስደሻል? ባለፉት ሦስት ወራት ሆስፒታል ተኝተሻል? ካቴተር ነበረሽ? «አዎ» ያለችውን አታስወጧት፤ ለብቻ ቆጥራችሁ አሳዩ። ስለ መድኃኒቱ ስትጠይቁ ስሙን ብቻ አትጠይቁ፤ እሽጉን ወይም የካፕሱሉን ቀለም አሳዩአት፣ ብዙ ሰው ስሙን አያስታውስም።

ሽንቱ መሐል ላይ የተያዘ ይሁን፤ በ2 ሰዓት ውስጥ ላብራቶሪ ካልደረሰ በበረዶ ሳጥን ወይም ቦሪክ አሲድ ባለበት ቱቦ ይምጣ፣ ያም ቢሆን ከ24 ሰዓት አይለፍ። በክፍል ሙቀት ከጤና ጣቢያ ግማሽ ቀን በባጃጅ የተጓዘ ሽንት ውስጥ ባክቴሪያው ራሱን ያባዛል፤ ውጤቱ ሁሉ ከ100 ሺህ በላይ ይሆናል። በ1 ማይክሮ ሊትር ሉፕ ስትቀቡ 100 ቅኝ ማለት በአንድ ሚሊ ሊትር 100 ሺህ ማለት ነው።

ስንት ይበቃል ለሚለው፦ 30 ኢኮላይ አግኝታችሁ 15ቱ ሬዚስታንት ቢሆኑ 50 በመቶ ትላላችሁ፤ እውነተኛው ግን ከ33 እስከ 67 በመቶ የትም ሊሆን ይችላል። በ100 ባክቴሪያ ከ40 እስከ 60 ይጠብባል። በ400 ከ45 እስከ 55። ስለዚህ ከ30 በታች ያለውን በመቶኛ አታውጡ፤ ለሕክምና መመሪያ የሚሆን ከፈለጋችሁ 100 አካባቢ ድረሱ። ከአራት ሴት አንዷ ኢኮላይ ታሳያለች ብለን ብናስብ 400 ናሙና ማለት ነው፤ በጀታችሁን በዚያ አስሉ። ያልበቀለባቸውንም መዝግቡ። ከስንት ሰው መካከል እንደሆነ ካልታወቀ «ስንት ኢንፌክሽን አለ» ለሚለው ጥያቄ መልስ የለም።

ደም ላይም ይኸው ነው። ለአዋቂ በአንድ ጠርሙስ ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሊትር፣ ከሁለት የተለያየ ቦታ፣ መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት። 3 ሚሊ ሊትር ከተላከ የሚበቅለው ከባዱ ብቻ ነው። ኮአጉሌዝ ኔጌቲቭ ስታፍ ከአንድ ጠርሙስ ብቻ ከበቀለ አብዛኛውን ጊዜ ከቆዳ የገባ ነው፤ አንቲባዮግራሙ ውስጥ አታስገቡት። የብክለቱ መጠን ከ3 በመቶ በላይ ከሆነ ከአንቲባዮግራሙ በፊት የቆዳ ማጽዳቱን አስተካክሉ፤ አልኮሉ ሳይደርቅ መርፌ የሚገባ ከሆነ አላጸዳችሁም።


ጠያቂ፦ ላብ_ሪፈራል

እግዜር ይስጥልን። የመኝታው ቀን በትክክል የተባለው ሆኖ ተገኘ፤ የሜሮፔነሙም ብዛት ከሴፍትሪያክሶኑ ግማሽ አይሞላም። ዝርዝሩን ስናጣራ ሌላ ነገር አየን፦ ከጨቅላ ሕፃናት ክፍል በ12 ቀን ውስጥ አራት የደም ክሌብሴላ፣ አራቱም አንድ ዓይነት የሴንሲቲቪቲ ውጤት። ይህን እስከ ዓመቱ ሪፖርት ማቆየት አለብን ወይስ ዛሬ እንናገር?


መልስ 1፦ ዳታ_ክፍል

ዛሬ። ለክፍሉ ኃላፊና ለኢንፌክሽን መከላከል ቡድኑ በስልክ፣ ከዚያ በጽሑፍ። አንድ ዓይነት ሴንሲቲቪቲ ብቻውን አንድ ዘር ነው ለማለት አይበቃም፤ አራት በ12 ቀን በአንድ ክፍል ግን ለመነሣት ይበቃል። አራቱን በአንድ ገጽ አስቀምጡ፦ የተኙበት አልጋ ወይም ማሞቂያ፣ የገቡበት ቀን፣ ናሙና የተወሰደበት ቀን፣ የዞኑ ሚሊ ሜትር። ለወደፊቱ ሁኔት ውስጥ ሳትስካን የሚባለው ክፍል እንዲህ ያለውን ክምችት በየሳምንቱ ያወጣላችኋል፤ መዝገቡ በየሳምንቱ ከገባ ነው ታዲያ።


መልስ 2፦ ቤንች_27853

ባክቴሪያዎቹን ዛሬውኑ ሳትጥሉ አስቀምጡ። 20 በመቶ ግሊሰሮል ባለበት ትሪፕቲክ ሶይ ብሮዝ፣ ከእያንዳንዱ ሁለት ቱቦ፣ ከዜሮ በታች 70 ወይም 80 ዲግሪ። ያለው ከዜሮ በታች 20 ብቻ ከሆነ በወራት ውስጥ ይሞታል፤ ቶሎ ላኩት።

ከክፍሉ ናሙና ስትወስዱ መጀመሪያ በብዙ ሕፃን መካከል የሚጋራውን ነገር ተመልከቱ፦ ለብዙ ሕፃን የሚከፈት የመድኃኒት ብልቃጥ፣ ዋርድ ውስጥ የሚቀላቀል ግሉኮስ፣ የሳክሽን ማሽኑ ጠርሙስና ቱቦ፣ የእጅ መታጠቢያው ፍሳሽ፣ የፈሳሽ ሳሙናው ዕቃ፣ የማሞቂያው ውኃ። ግድግዳና ወለል መጥረግ ሰሃን ማባከን ነው። የተከፈቱትን ብልቃጦች ናሙና ወስዳችሁ ወዲያው ከአገልግሎት አውጡ፤ ውጤቱን አትጠብቁ።

ወደ ኢትዮጵያ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ማረጋገጫ ስትልኩ ሰሃን አትላኩ፣ ይገለበጣል። በአጋር ስላንት ላይ የ18 ሰዓት እድገት፣ ክዳኑ በፓራፊልም የታሸገ፣ በሦስት ድርብ ማሸጊያ፦ ቱቦው፣ የሚመጥ ጥጥ ያለበት የማያፈስ ዕቃ፣ ከዚያ ጠንካራ ካርቶን። ወረቀቱን ከውስጠኛው ዕቃ ጋር ሳይሆን በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል አድርጉት፤ ላይ ያለውም ቀን በአንድ አቆጣጠር ይሁን፣ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ተብሎ ይጻፍበት።